ሦስተኛው ሳጥን

ማናለብሽ የሮተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ መድረኩ ላይ ስትደርስ የአምስተርዳሙ ባቡር ፊሽካ ተነፍቶ ነበር። ሊዘጋ የጀመረውን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ቁጭ ካለች በኋላም እጇን ከደረቷ ላይ አላነሳችም። ከሹራቧ ሥር፣ በላስቲክ ማኅደር ውስጥ፣ ሦስት ገጽ ወረቀት ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ህንድ ፓኪስታንን በሚሳይል ከመታች አንድ ቀን አልፏል። ሁለቱም ኑክሌር የታጠቁ፣ ሁለቱም የተቆጡ ጎረቤታሞች ናቸው። በባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያንኑ ያያል፤ የሚቃጠል ጣሪያ፣ የሚሮጥ ሰው፣ ካርታ ላይ የተሳሉ ቀይ ቀስቶች። ጠዋት ቁርስ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ሊናም ያንኑ ስታይ ነበር።

«ማሚ፣ እነዚህ ሰዎች አቶም አላቸው፣ ኤኽት?» ብላ ጠየቀቻት፤ የእውነት ወይ ማለቷ ነው።

«አላቸው።»

«ታዲያ ማነው የሚይዘው? ማለቴ... ቁልፉን?»

ማናለብሽ ዳቦውን ቆርጣ ሰጠቻትና ወጣች።

አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ የአንድ ትራንዚተር ጸሐፊ ነበረች። በስደት ሆላንድ ከገባች በኋላ ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ጽዳት ነው። ከምታጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ ደቡብ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር የሚገኘው የሻምበል ተካልኝ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነበር። አንድ ምሽት ጠረጴዛ ስትወለውል የኮንቴይነር ቁጥር አየች። በስሌት ከቀሪዎቹ ጋር መግጠም የሚገባት የመጨረሻዋ አኃዝ አልገጠመችላትም። «ይህ ቁጥር ተሳስቷል፤ ወደቡ አይቀበለውም» ብላ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሄደች። በማግስቱ ሻምበል ራሳቸው በር ላይ ጠበቋት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ቃሊቲ።»

«በይ መጥረጊያውን እዚያ አስቀምጪው።»

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሻምበል የአውሮፓን የጉምሩክ ሕግ አንድ በአንድ አስተማሯት፤ ልጇ ስትታመም በመኪናቸው ሐኪም ቤት አደረሱላት። ባለፈው ጥር ደግሞ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ የመፈረም ሥልጣን ሰጧት። «ከእንግዲህ ቢሮው ያንቺም ነው» ሲሏት ዞር ብላ አልቅሳ ነበር።

ሻምበል ተካልኝ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በሰማንያ ሁለት የካቲት ምጽዋ ስትነድ ከጥበቃ ጀልባ ላይ ሆነው አይተዋል። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ከሸሹት መርከቦች በአንዱ የመን ገቡ፤ ከዚያ በሰው መርከብ ተራ መርከበኛ ሆነው ሮተርዳም ደረሱ። ስልሳ አራት ዓመት ሆኗቸውም ክራባታቸውን በመልሕቅ ቅርጽ መያዣ ሳያሲዙ ቢሮ አይገቡም። ማኅተማቸው የነሐስ ነው፤ ኮምፒውተሩ አያስፈልግም ቢልም በየወረቀቱ ላይ ያሳርፉታል።

ነገሩ የተነሣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። በዓረብ አገሮች ባሕረ ሰላጤ ባለ ወደብ በኩል በኮንቴይነር ለሚሄድ አንድ ሳጥን «የወተት ፋብሪካ መለዋወጫ» ተብሎ ማክሰኞ ዕለት ዲክላራሲዮኑን ፈርማለች። ደንበኛው ያልላከውን የዕቃ ዝርዝር ስትጠይቀው ተሳስቶ ሌላ ፋይል ጨምሮ ላከላት፤ ዕቃውን የሠራው ድርጅት ያወጣውን መግለጫ ወረቀትና ለሌላ ሰው የተጻፈ አጭር መልእክት። መልእክቱ ሳጥኑ ባሕረ ሰላጤው እንደደረሰ ምልክቱ ተፍቆ ወደ ፓኪስታኗ ካራቺ እንዲተላለፍ ያዝዛል። ማናለብሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የወተት መለዋወጫ ምልክቱ ለምን ይፋቃል?

የሚያውቅላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዘአማኑኤል ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን፣ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስለ ብረታ ብረት ባሕርይ የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ። ትናንት ስትደውልለት «በስልክ አትላኪልኝ፤ ይዘሽው ነይ» አላት።

ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ጀርባ፣ ብስክሌት በተደረደረበት ጥግ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘአማኑኤል የመግለጫውን ወረቀት አነበበ፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ይሄ የግፊት መለኪያ ነው።»

«እሱንማ አንብቤያለሁ። ወተት ፋብሪካ ግፊት አይለካም?»

«ይለካል። ግን ወተት ብረት አይበላም። የዚህ ውስጡ የተለበጠው ብረት የሚበላ ጋዝ እንዲችል ተብሎ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከዚህ አገር አይወጣም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዩራኒየም ለቦምብ የሚጣራው በጋዝ መልክ ነው። ያንን ጋዝ የሚለኩት በዚህ ነው።»

ማናለብሽ ወረቀቱን ተቀብላ መልሳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

«ቦምቡ ግን ድሮም አላቸው አይደል?» አለችው፤ አዎ፣ ምንም አይለውጥም እንዲላት ፈልጋ።

«አላቸው። እኔን የሚያስፈራኝ መኖሩ ብቻ አይደለም። መንግሥት በሚገለባበጥበት፣ ጄኔራልና ሚኒስትር በማይተማመኑበት አገር፣ ዕቃው በኋላ በር ሲገባ ማን ለማን እንደገዛው በምን ይታወቃል? ዛሬ ለመንግሥት ሊሆን ይችላል። ነገ ከመጋዘን አውጥቶ የሚሸጠው ሌላ ነው። ጎረቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ሳይቀድሙኝ ልቅደም ይላል። አሁን የምታይው እኮ...» ስልኩን አሳያት። ከዚያ «መርከቡ መቼ ነው?» አላት።

«ነገ ንጋት ላይ። የጭነት ዝርዝሩ ግን ዛሬ አሥር ሰዓት ይዘጋል።»

«ለሻምበል ነግረሻቸዋል?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልነገርኩም ለማለት።

በመልሱ ባቡር ስታስብ የቆየችው መቆሚያ ስሙ ተጠራ፤ ዴን ሃግ። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃን ፈቃድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከዚያ በትራም አሥር ደቂቃ ነው። በሩ ተከፈተ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ወጣ። ማናለብሽ ብድግ ብላ የወንበሩን ጀርባ ያዘች። መጥረጊያውን ካስጣሏት ሰው ጀርባ ሄዳ ልትከሳቸው ነው? ደግሞስ ባያውቁ? በሩ ተዘጋ። ቆማ እንዳለች ባቡሩ ተነቃነቀና ወደ ሮተርዳም ቀጠለ።

ሻርሎይስ ስትደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሻምበል ከቀይ ባሕር ካርታቸው ሥር ተቀምጠው ዳቦ በአይብ ይበላሉ።

«ጠፋሽ እኮ! ሊና አሟት ነው?»

«ደኅና ናት። ሻምበል፣ የወተት ፋብሪካ ዕቃ አይደለም» ብላ ወረቀቶቹን ፊታቸው ዘረጋች።

እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው መነጽራቸውን አጠለቁ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ሁለተኛውን ገለጥ አድርገው ተዉት።

«ለማን አሳየሽው?»

«ለሚያውቅ ሰው።»

«ከእኔ በፊት?»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ልበልዎት? አሁን አወቅሁ፤ ቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ። ይህ ዕቃ መውጣት የለበትም።»

ሻምበል ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ስሚ ልጄ። እነዚያ ሰዎች ቦምባቸውን ካፈነዱ ሃያ ሰባት ዓመት አለፋቸው። ስንት እንዳላቸው እግዜር ይወቅ። አንድ ሳጥን መለኪያ ምን ይጨምርላቸዋል? ባሕር ላይ አንድ ባልዲ ውኃ መድፋት ነው።»

«በፊት ለፊት በር ቢገዙት እኔ ምን አገባኝ፤ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ይነጋገርበት። ይሄ ግን ስሙ ተለውጦ፣ ምልክቱ ተፍቆ ነው የሚሄደው። ማን እጅ እንደሚገባ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

«እኛ ባንወስደው ሌላው ይወስደዋል።»

«ይውሰደው! የሱ ፊርማ ይሁንበት!» ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ስታውቅ ደነገጠች። «ይቅርታ ሻምበል።»

ሻምበል አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ካርታው አዞሩ።

«ምጽዋ ላይ» አሉ፣ «የተኮስነውም የተተኮሰብንም በመርከብ የመጣ ነው። አንዳንዱን ሳጥን ከወደብ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ገና ምክትል መቶ አለቃ ሳለሁ። 'የእርሻ መሣሪያ' ተብሎ የተጻፈበት ነበር። አለቃዬን ጠየቅሁት። 'አንተ አውርድ፤ የሚያነበው ሌላ ነው' አለኝ።» ያልጨረሱትን ዳቦ ወደ ጎን ገፉት።

ከዚያ «አንድ ሰዓት ስጪኝ» አሏት።

«ለምን?»

«ልደውል።»

«ለማን ነው ሻምበል?»

ሻምበል ስልካቸውን ከጠረጴዛው አነሡ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«አልችልም» አለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ለእሳቸው ተናግራ አታውቅም። «ዴን ሃግ እሄዳለሁ። እርስዎ ሳያውቁ ላደርገው አልፈለግሁም፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሻምበል ተነሡ። ክራባታቸውን አስተካከሉ፤ የታችኛውን መሳቢያ በቁልፍ ከፍተው አንድ ነገር በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ።

«በባቡር አትሄጂም። እኔ አደርስሻለሁ።»

ወደ ዴን ሃግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ማናለብሽ ዓይኗን ከመንገድ ምልክቶቹ ላይ አላነሳችም፤ ሻምበል አቅጣጫ ቢለውጡ፣ ጊዜ ቢገድሉባት ምን እንደምታደርግ ታሰላስላለች። ዴልፍት አጠገብ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆመ። በዚያ መሀል የሻምበል ስልክ ጠራ። በስልኩ መስታወት ላይ የወጣው የደንበኛው ስም ነው። ጠራ፤ ጠራና ተወ። እንደገና ጠራ። ሻምበል መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከፊታቸው ያለውን የጭነት መኪና ብቻ ይመለከታሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ስልኩን አጠፉት።

በትልቁ ጣቢያ አጠገብ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ፣ ከግማሽ ሰዓት መጠበቅ በኋላ፣ ዮሊንደ የምትባል ጠጉሯ የሸበተ መርማሪ ተቀበለቻቸው። ወረቀቶቹን አይታ ወዲያው ከክፍሉ ወጣች። ስትመለስ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ነበረች፤ እሱ ቆሞ ይጽፋል። ንግግሩ በሆላንድኛ ነበር።

«ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ እንዲቆም ታዟል» አለች ዮሊንደ። «አሁን ስለ እናንተ እንነጋገር። ዲክላራሲዮኑን የፈረመው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማናለብሽ።

«ስለዚህ በሕግ ፊት ያቀረብሽው አንቺ ነሽ። ሐሰተኛ መግለጫ ሲሆን ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» ከሁለት ወር በፊት ለዜግነት ያመለከተችበት ደብዳቤ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጧል። የወንጀል ምርመራ የተከፈተበት ሰው ማመልከቻው እንደሚታገድ ፎርሙ ላይ በደማቅ ተጽፎ አንብባዋለች። «ስፈርም ወተት መስሎኝ ነበር። ግን ፊርማው የኔ ነው።»

«ለማስረጃ የምታቀርቢው አለሽ? አለማወቅሽን የሚያሳይ?»

ምን ማስረጃ አለ? አለማወቅ ወረቀት የለውም።

«እኔ አለኝ» አሉ ሻምበል።

ከኪሳቸው ያወጡት ደብዳቤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኑረው በመዳፋቸው እጥፋቱን አቃኑት። መለኪያዎቹን የሠራው ድርጅት ከሦስት ሳምንት በፊት የጻፈላቸው ነው፤ ዕቃው ለአገር ውስጥ ብቻ የተሸጠ መሆኑን ይገልጽና ወደ ውጭ ልትልኩት ነው መባሉ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

«ይህ ደብዳቤ ለእኔ ነው የደረሰው። ለእሷ አላሳየኋትም። ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ማናለብሽ ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸው አላዩዋትም።

ዮሊንደ ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ «ለምን መልስ አልሰጡም?» አለቻቸው።

«መልስ ብሰጥ የፊተኞቹን ትጠይቁኝ ነበር።»

«የትኞቹን?»

«ይሄ ሦስተኛው ሳጥን ነው» አሉ ሻምበል። «አንዱ ባለፈው ነሐሴ ሄዷል። አንዱ ኅዳር ላይ። የሁለቱም ፊርማ የኔ ነው።»

ሲጽፍ የነበረው ሰው ብዕሩን አቆመ።

ከሕንፃው ሲወጡ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ትራሞች ይመላለሳሉ፤ ከቢሮ የወጣው ሕዝብ በብስክሌት ይጎርፋል። ደረጃው ላይ ማናለብሽ ቆመች።

«ጥር ላይ ፊርማውን የሰጡኝ ለዚህ ነው?»

ሻምበል የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«ይንገሩኝ እንጂ። አልቅሼ ነበር እኮ ያን ቀን።»

«ይገባሻል ብዬ ነው የሰጠሁሽ» አሉ። «ቢያንስ ራሴን ያሳመንኩት እንደዚያ ብዬ ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረ ወይ ብትይኝ... ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው እጁ ምን እንደሚሠራ አያይም።»

«ያዩ ነበር እንጂ!» አለቻቸው። ሰው ዞሮ አያቸው። መኪናቸው ወዳለበት ሳትመለከት ወደ ትራሙ ሄደች።

በማግስቱ፣ በግንቦት ልደታ ንጋት፣ መርከቡ ያለዚያ ኮንቴይነር ሄደ። ቅዳሜ ሁለቱ አገሮች ተኩስ አቆሙ። ሊና ዜናውን ይዛ ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ «ማሚ፣ አለቀ!» ብላ አቀፈቻት። ማናለብሽም አቀፈቻት። በልጇ ትከሻ ላይ ሆና ግን የምታስበው ነሐሴንና ኅዳርን ነበር። አራቱን ቀን ዓለም የፈራው ስለሚታወቀው መሣሪያ ነው። ስለማይታወቁት ሁለት ሳጥኖች የፈሩት ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ ክፍል የተቀመጡ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ቢሮው ታሸገ። ሻምበል ከሥራው ታገዱ፤ ምርመራ ተከፈተባቸው። ማናለብሽ ሥራ ፈታች፤ የዜግነት ማመልከቻዋም ተያዘ። እሷ ሻምበልን እንደ ከሰሰች ተወርቶ ነበርና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ የሆኑት ወይዘሮ ዓለምወርቅ ሳህን እያቀበሉ ሳለ እሷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ያጎረሰ እጅ ይነከሳል አሉ» አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። ዘአማኑኤል ሊናገር ሲነሣ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ምርመራው እንዳይወራ ታዛለች።

ሻምበል ቤተ ክርስቲያን የመጡት በጰራቅሊጦስ ነው። ከስተዋል። አዳራሹ ውስጥ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «ስለዚህች ልጅ የሚባለውን ሰምቻለሁ» አሉ። «ያጎረሰው እጅ የኔ ነው። ንጹሕ አልነበረም። ከዚህ በላይ እንዳልናገር ታዝዣለሁ።» ይህን ብለው ወጡ። ወደ ማናለብሽ አልዞሩም፤ እሷም ተከትላ አልሄደችም። ወይዘሮ ዓለምወርቅ ብቻ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

ማናለብሽ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አገኘች። ታኅሣሥ ላይ ክስ እንደማይመሠረትባት የሚገልጽ ደብዳቤ መጣላት። ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ዮሊንደ ደወለች። ልትነግራት ግዴታ እንደሌለባት፣ ግን መስማት ይገባታል ብላ እንዳሰበች ተናገረች። ለሻምበልም በጠበቃቸው በኩል በሰሞኑ ይደርሳቸዋል አለች።

ማናለብሽ ስልኩን ዘግታ ተነሣችና ሻምበል ከእኅታቸው ጋር ወደሚኖሩበት ወደ ዞተርሜር ከተማ ሄደች። በር ላይ ቆማ ነግራቸው ልትመለስ ነበር ያሰበችው፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ክራባት አላደረጉም።

«ማናለብሽ» አሉ። ልጄ አላሉም።

«እንደምን ዋሉ ሻምበል። አንዱ ተገኝቷል። መጋዘን ውስጥ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ። ሳይከፈት።»

የበሩን እጀታ አጥብቀው ያዙ። «ከሁለቱ የቱ?»

«የኅዳሩ።»

«የነሐሴውስ?»

«አልተገኘም። ካራቺ መድረሱን አያውቁም፤ አለመድረሱንም አያውቁም። መቼም ላይገኝ ይችላል አለችኝ።»

ሻምበል ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ተመልሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ዜና ያሳያል። «በየሌሊቱ እነሳለሁ» አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። «ተነሥቼ ከዚያ አገር የመጣ ወሬ እንዳለ አያለሁ። ድንበር ላይ አንድ ጥይት ቢተኮስ፣ አንድ ጄኔራል ቢሻር... አንቺስ?»

«እኔም አያለሁ።»

«አንቺ እንኳ ተይው። የኔ ፊርማ ነው።»

ማናለብሽ ይቅር ብዬዎታለሁ ልትላቸው አልመጣችም፤ ብትልም እውነት አይሆንም ነበር። ነገር ግን በዚህ ምድር ላይ፣ ያ ሳጥን የት ይሆን እያለ የሚያድር ሌላ ሰው እንደማታውቅ አሰበች።

«ትገቢያለሽ?» አሏት ሻምበል፤ እንደማትገባ ገምተው።

በሩን ከኋላዋ ዘጋች። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ጋዜጣውን አንሥታ ተቀመጠች።